እንትኑ ነቅዟል

«የመሠረት» በሉኝም አትበሉኝም፣ ዛሬ አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ከዚህ አልነሣም።

ድሮ፣ ከድሮም ትንሽ ወዲህ፣ አንዲት አገር ነበረች። ስሟን አልነግራችሁም። ጠፍቶኝ አይደለም፤ ራሷ አገሪቱ «ስሜን እንዳትጠሩ» ብላ በአዋጅ ስለከለከለች ነው። ሰዎቿ ባዕድ አገር ሄደው «ከየት ነህ?» ሲባሉ «ከእንትን» ይላሉ። ጠያቂውም «አሃ፣ አወቅኩት» ይላል፤ ምን ያድርግ?

ነገሩ ሲጀመር ግን ክፋት አልነበረውም። ከወንዙ ማዶ ዓይኑን የጣለባቸው ጎረቤት ነበር፤ ጠላት ያለው ሰው ደግሞ በሩን ዘግቶ ማደሩ ያባት ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር እንዳይወራ ተደነገገ፦ የወንዝ ዳሩ ምሽግ በሩ በየት በኩል እንደሆነ፣ ውስጡ ስንት ወታደር እንዳለ፣ የንጉሡ ታላቅ ጎተራም ምን ያህል እህል እንደያዘ። እኔም ብሆን አላወራም። ይህን የሚጠብቅ ሹም ተሾመ፤ ማዕረጉም ሊቀ ክዳን ተባለ። አንድ ነገር ምስጢር ሲሆን ሊቀ ክዳን በከበሮ ታጅቦ ይመጣና የሸክላ ክዳን ይደፋበታል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የዚያ ነገር ስም «እንትን» ነው። በስሙ የጠራው ሰው አፉ በሰም ታሽጎ፣ በቀን አንዴ ለአጥሚት ብቻ እየተከፈተለት፣ ሰባት ዓመት ይቀመጣል።

እንግዲህ ሹም ሥራ ካጣ ሥራ ይፈጥራል። ሊቀ ክዳን ደግአረገ ራሱ ላይ ቆብ ሳይሆን የድስት ክዳን የሚደፋ፣ ሰላም ሲል ከፈት አድርጎ መልሶ የሚከድነው፣ በክዳኑም ዙሪያ «ዝም አይነቅዝም» የሚል ያስቀረጸ ሰው ነበር። በሰባት ዓመት ውስጥ ያልከደነው ነገር አልቀረም። ድልድዩ ስለሚንቀጠቀጥ እንትን ሆነ። የንጉሡ በቅሎ ስለሚያነክስ፣ «ጠላት ከሰማ ደስ ይለዋል» ተብሎ እንትን ሆነ። ዝናብ እንኳ፣ መቼ እንደሚዘንብ ለጠላት ይጠቅማል ተብሎ፣ እንትን ሆነ፤ ሰዉም በስብሶ እየገባ «ኧረ ዛሬስ እንትኑ!» ይላል። አንድ ጊዜማ የምሽጉ በረኛ የእኅት ልጅ ናት ተብላ አንዲት ልጃገረድ እንትን ሆነችና፣ ሽማግሌዎች ተልከው «እንትንዎን ለልጃችን ይስጡልን» ቢሉ፣ አባትየው ደስ ብሎት አንድ ሙሉ የንብ ቀፎ አሸክሞ ሸኛቸው። ሙሽራው ምን ያድርግ፣ እስከ ዛሬ ማር ይሸጣል።

በዚህች አገር ወይዘሮ ስንቅነሽ የምትባል ሴት ነበረች። ሥራዋ ቆዳ መስቀል ነው። በየቅዳሜው፣ ገበያው መሐል ካለው ሾላ ሥር፣ አንድ የበሬ ቆዳ ትወጥርና የሳምንቱን ወሬ በከሰል ትጽፍበታለች፤ የማን ላም እንደጠፋች፣ የትኛው ዳኛ ችሎት ላይ እንዳንቀላፋ፣ የትኛው ምንጭ አልቅት እንዳለበት። ማንበብ የሚችለው ለማይችለው ይነግራል። ሥራውን ከአባቷ ወርሳለች፣ አባቷም ከአባቱ፤ አንድ የጥንት ንጉሥም «የተሰቀለ ቆዳ ፀሐይ ሳትጠልቅ አይወርድም» ብለው ሕግ ትተውላቸዋል። የስንቅነሽ አመሏ አንድ ነው፤ ዓይኗ ያላየውን እጇ አይጽፍም። አንድ ጊዜ «አክስትሽ ሞቱ፣ ቆዳው ላይ ጻፊ» ቢሏት «ሳላይማ አልጽፍም» ብላ የሁለት ቀን መንገድ ሄደች። አክስቷን በራቸው ላይ ተቀምጠው ሽንብራ ሲቆረጥሙ አገኘቻቸው።

እንትን ከበዛ ወዲህ ግን ቆዳዋ ጣዕም አጣ። «በዚህ ሳምንት እንትን ከእንትን ላይ ወድቆ እንትኑን ሰበረ» ብላ ትሰቅላለች፤ ሰዉ ያነባል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሽንኩርቱን ገዝቶ ይሄዳል። ስንቅነሽ ታፍራለች። «ይህን ከምጽፍበት ጫማ ባሰፋው ይሻለኝ ነበር» ትላለች።

ከሁሉ የሚያንገበግባት ግን የልጇ ነገር ነበር። አንድ ልጇ አንሙት በወንዝ ዳሩ ምሽግ ወታደር ከሆነ ሦስት ዓመቱ ነው። ደብዳቤ ይጽፍላታል፤ ደብዳቤው በሊቀ ክዳን ጸሐፊዎች እጅ አልፎ ሲደርሳት እንዲህ ይነበባል፦ «እማዬ፣ እንደምን አለሽ? እኔ እንትን ነኝ። እዚህ እንትኑ በጣም እንትን ነው። እባክሽን እንትን ላኪልኝ። ልጅሽ እንትን።» ስንቅነሽ ቁጭ ብላ ትፈታዋለች። «ወንዝ ዳር አይደል? ብርዱ በጣም ኃይለኛ ነው ማለቱ ነው። ጋቢ ላኪልኝ ነው የሚለኝ፣ የኔ ጌታ!» ጋቢ አሠርታ ትልካለች። ሌላ ደብዳቤ ይመጣል፣ ቃል በቃል ያው ነው። ሌላ ጋቢ ትልካለች። ስምንት ደብዳቤ መጣ፣ ስምንት ጋቢ ሄደ።

ክረምት ሊገባ ሲል፣ አንድ ረቡዕ ቀትር ላይ፣ የታላቁ ጎተራ ጠባቂ ጋሽ ውባንተ ላብ አጥምቆት እያለከለከ ቤቷ መጣ።

«ስንቄ፣ ጉድ ሆነናል! እንትኑ እንትን ሆኗል!»

«የቱ እንትን ጋሼ?»

«ትልቁ!»

«ትልቁ እንትን ምን ሆነ?»

«እንትን ነዋ! ምኑን እንትን ልበልሽ?»

«ጋሼ፣ ይቀመጡና ውሃ ይጠጡ፤ እኔ በዚህ ዓይነት እስከ ማታ አይገባኝም።»

ጋሽ ውባንተ ግራ ቀኙን አየ። ከብብቱ አንድ መሐረብ አውጥቶ ፈታው። መሐረቡ ውስጥ ጥቃቅን ጥቁር ነገር ይርመሰመሳል። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «ጎተራው» አለ፣ «ነቀዘ።» ስንቅነሽ ይህን ቃል ከሰማች ሰባት ዓመቷ ነበርና ጆሮዋን ኮረኮራት።

ከዚያ ሁሉን ዘረገፈው። ጎተራው ምስጢር ስለሆነ አናቱ ከተከደነ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ለምሽጉ ስንቅ ሲወጣ በታችኛው ቀዳዳ ነው፣ ያውም ጠባቂው ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሰፍረው፤ ሕጉ እንዲያ ይላል። «ከዓመት ዓመት ጆንያው እየቀለለኝ ሲሄድ ጉልበቴ የታደሰ መስሎኝ ነበር። ለሚስቴም ፎክሬባታለሁ» አለ በኀፍረት። «ዘንድሮ ግን አንዱን ጆንያ በአንድ ጣቴ አነሣሁት። ያኔ አንድ ዓይኔን ገለጥኩ። አንዱን ብቻ ነው፣ እግዜር ያውቃል!»

«ታዲያ ለበላይ አልተናገሩም?»

«ኧረ ሦስት ጊዜ! ጎተራው ነቅዟል፣ እየቀለለ ነው፣ ቶሎ ይታይ ብዬ አመለከትኩ። ጸሐፊዎቹ እንደ ደንቡ እንትኑ እንትን ሆኗል፣ እየቀለለ ነው፣ ቶሎ ይታይ ብለው ወደ ንጉሡ አሳለፉት። መልስም መጣ።»

«ምን የሚል?»

«እንትኑን በለጋ ቅቤ እሹት። ጭራውን አበጥሩለት። ጠዋት ጠዋትም ሜዳ ላይ አንሸራሽሩት።»

«ጎተራውን?!»

«ትእዛዝ ነዋ ስንቄ! ቅቤውን ቀባሁት። ጭራውን ዞሬ ዞሬ ፈለግሁ፣ አጣሁት። ማንሸራሸሩ ግን...» አለና ሽማግሌው እንባው መጣ። «ለሦስት ቀን ገፋሁት። ንቅንቅ አላለም።»

ስንቅነሽ መሣቅ አማራት፤ ግን አመሏ አልለቀቃትም። በነጋታው ሄዳ በታችኛው ቀዳዳ እጇን እስከ ክርኗ ከተተች። እህል የሚባል ነገር የለም። ብናኝ ነው። ነቀዙ በክንዷ ላይ ተሰልፎ ሲወጣ ድንገት የልጇ ደብዳቤ ትዝ አላት። «እዚህ እንትኑ በጣም እንትን ነው።» ምግቡ! ምግቡ በጣም ነቀዝ ነው! እህል ላኪልኝ! «ወይኔ ጉዴ! ልጄ እህል ሲለኝ ጋቢ!» ብላ ደረቷን ደቃች። ስምንት ጊዜ ርቦኛል ብሏት ስምንት ጊዜ አልብሳዋለች።

በቀጥታ ወደ ሊቀ ክዳን ሄደች።

«ጌታዬ፣ ጎተራው...»

«እንትኑ!»

«እንትኑ ነቅዟል።»

«እንትን ሆኗል በይ!»

«ጌታዬ፣ እዚያ ልጅ አለኝ!»

ሊቀ ክዳን ክዳኑን ከራሱ አወረደ። ክዳኑን ሲያወርድ የምሩን ነው ይባላል። «ስሚኝ ወይዘሮ፣ ልትጽፊው እንዳሰብሽ ከዓይንሽ አውቄአለሁ። እኔ ቂል አይደለሁም። ማዶዎቹ ስንቅ የላቸውም ብለው ከሰሙ በነጋታው ይመጣሉ። ፊት ለፊት የሚያገኙት ማንን ነው? ያንቺኑ ልጅ። ጽፈሽ ብታስገድይውስ?»

ሰውዬው ያለው ነገር ውሸት አልነበረም። «ታዲያ እህሉ ይቀየራል?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እንዲቀየር መጀመሪያ መበላሸቱ መታመን አለበት። መበላሸቱ ከታመነ ምስጢሩ ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ ደህና ነው።»

«ደህና ሳይሆን?»

«ደህና ሳይሆን ደህና ነው። አይዞሽ፣ ዝም አይነቅዝም» ብሎ ክዳኑን መልሶ ደፋ።

ሳምንት ያህል እንቅልፍ አልነበራትም። ብትጽፍ ልጇን ለጠላት፤ ባትጽፍ ልጇን ለነቀዝ። ቅዳሜ ጠዋት ቆዳዋን ይዛ ስትወጣ፣ የምሽጉን ስንቅ የጫኑ አህዮች በገበያው በኩል ያልፉ ነበር። ጆንያው ከመቅለሉ የተነሣ በነፋስ ይውለበለባል፤ አህዮቹም ምንም ያልተጫኑ መስሏቸው ይፈነጫሉ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ወንዙ ይሞላል፤ መንገዱ ይቆረጣል፤ እስከ መስከረም ወደ ምሽጉ የሚደርስ ሰው የለም። ያኔ ስንቅነሽ ለራሷ እንዲህ አለች፦ «ወንዙ ሲሞላ ማዶዎቹም መሻገር አይችሉም። ረኃብ ግን ዋና አያስፈልገውም።»

ከሰሏን አነሣች። የምሽጉ በር በየት እንደሆነ አልጻፈችም፤ ወታደሩ ስንት እንደሆነም አልጻፈችም። የጻፈችው ይህን ብቻ ነው፦ «የንጉሡ ጎተራ ነቅዟል። በዓይኔ አይቻለሁ፣ እጄን እስከ ክርኔ ከትቻለሁ። ዛሬ በአህያ ተጭኖ የሄደው ብናኝ ነው። ልጆቻችን ክረምቱን የሚከርሙት በእሱ ነው።»

መጀመሪያ ያነበበችው አንዲት በርበሬ ሻጭ ነበረች። ጮክ ብላ «የንጉሡ ጎ...» አለችና አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ ደግሞ እጇን አንሥታ «ጎተራ! ጎተራ ነው የሚለው!» ብላ ጮኸች። ገበያው እንደ ንብ ቀፎ ተነሣ። ስሙን የሰማ ሁሉ «ጎተራ፣ ጎተራ» እያለ ይቀምሰዋል፤ አንዳንዱ ሽማግሌ እንባው መጣ፣ ከናፈቀው ቃል ጋር መገናኘቱ ነው።

ሊቀ ክዳን እየሮጠ መጣ። ቆዳው ፀሐይ ሳትጠልቅ አይወርድም፤ ሕግ ነው። ስለዚህ ሊከድነው አሰበ። የበሬ ቆዳ ደግሞ ሰፊ ነው፣ አንድ ክዳን አንዲት ፊደል ብቻ ሸፈነች። መቶ ክዳን አስመጣ። ቆዳው ቆሞ የተሰቀለ ነውና ክዳኖቹ አንድ በአንድ እየተንሸራተቱ ወደቁ፣ እየተንከባለሉም በገበያው መሐል ተበተኑ። ይህን ትርኢት ለማየት ከሦስት ቀበሌ ሰው መጣ። በመጨረሻ ሊቀ ክዳን አዋጅ አስነገረ፦ «ያነበበ ሁሉ ተሰልፎ ከታች ወደ ላይ ያንብበው! እንዲያ ሲደረግ ያነበበው ይፈታል!» ሰልፉ ወንዝ ደረሰ። ጨው የሚታደል መስሏቸው ያላነበቡትም ተሰለፉ። ፀሐይ ስትጠልቅ በአገሪቱ ውስጥ ያላነበበ ሰው አልቀረም፤ ያውም ከላይ ወደ ታችም፣ ከታች ወደ ላይም።

ስንቅነሽ ታሰረችና ሰኞ ችሎት ቀረበች። ንጉሡ በዙፋናቸው ላይ፣ ሊቀ ክዳን በቀኛቸው፣ አፍ አሻጊው ሰምና ማኅተም ይዞ በግራቸው። ዳኛው የክስ ወረቀቱን አነበበ።

«ተከሳሿ፣ እንትኑ እንትን ሆኗል፣ የእንትን ልጆችም እንትን ሊበሉ ነው ብላ፣ በእንትን ላይ በእንትን በመጻፍ እንትን ፈጽማለች።»

ንጉሡ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «እንትኑ ምን ሆነ ነው የምትለው?»

«እንትን፣ ንጉሥ ሆይ።»

«ሐሰት ነው!» አሉ ንጉሡ ተቆጥተው። «እንትኑን ዛሬ ጠዋት አይቼዋለሁ። ወዙ ግጥም ብሏል። ታሟል፣ ቀልሏል ስትሉኝ በቅቤ አሳሽቼው የለም እንዴ? ጭራውንስ በእጄ አላበጠርኩም? ኑ፣ አምጡትና ትየው!»

አመጡት። የንጉሡ በቅሎ፣ ቅቤ የተንቆረቆረበት፣ ጭራው እንደ ሙሽራ ጸጉር የተጎነጎነ፣ እያነከሰ ችሎት ገባ።

ጋሽ ውባንተ ከኋላ ሆኖ «ጭራው!» ብሎ ጮኸ። «ጭራው ለካ እዚህ ነው!»

ስንቅነሽ ያኔ ሁሉም ገባት። ፍርሃቷም ጠፋ፤ ፊት ለፊት የቆሙት ሰው ከእሷ ይልቅ ያሳዝኑ ነበር። «ንጉሥ ሆይ» አለች፣ «እኔ የጻፍኩት ስለ በቅሎዎ አይደለም። ስለ ጎተራዎ ነው። ሦስት ጊዜ ጎተራው ነቀዘ ተብሎ ተጻፈልዎ፤ የደረሰዎ ግን እንትን ነው።»

ሊቀ ክዳን ብድግ አለ። «ንጉሥ ሆይ፣ ይህ ሥርዓት አገር ጠብቋል! የማዶ ሰላዮች ሰባት ዓመት ሙሉ በገበያችን ጆሯቸውን ጥለው ሲያዳምጡ የሰሙት እንትን፣ እንትን፣ እንትን ብቻ ነው! አንዲት ነገር አላወቁም!»

ንጉሡ ቀስ ብለው «እኔስ?» አሉ። «እኔስ ከእነሱ የተለየ ምን ሰማሁ?»

የንጉሥ ማፈር ምስጢር ስለሆነ ሁሉም መሬት መሬቱን አየ። በቅሎው ብቻ አናፋ።

«ጎተራውን ክፈቱት፣ የተበላሸውንም አቃጥሉት» አሉ ንጉሡ በመጨረሻ። «ግን ለልጆቹ ምን ይላካል? ወንዙ ሊሞላ ነው፤ ሌላ ጎተራ የለኝም።» ስንቅነሽም እውነቱን ተናግራ፣ ተሰምታ፣ አሁንም የልጇ ሆድ ባዶ ነው።

ያን ጊዜ ከውጭ ጫጫታ ተሰማ። አደባባዩ በሰው ሞልቷል። ቅዳሜ ያነበበው ሁሉ ከቤቱ እህል ይዞ መጥቷል፤ አንዱ በቁና፣ አንዱ በአገልግል፣ አንዷ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ። ዕቃ ያጣው ደግሞ በገበያው የተበተኑትን የሊቀ ክዳንን ክዳኖች ገልብጦ፣ በየክዳኑ ስንዴ ሞልቶ ይዟል። ክዳን ሲገለብጡት ሳህን ነው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ማንም ልብ አላለውም። በርበሬ ሻጯ ከፊት ሆና «ወይዘሮ ስንቅነሽ፣ እኔም እዚያ ወንድም አለኝ!» ብላ ጮኸች። ስንቅነሽ በችሎት ፊት ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

እህሉ ወንዙ ሊሞላ ሦስት ቀን ሲቀረው ምሽጉ ገባ። የማዶ ሰላዮችም ወሬውን ይዘው መሮጣቸው አልቀረም። የማዶ ንጉሥ ግን ወሬውን ሰምቶ ሠራዊት በመጥራት ፈንታ ሹሞቹን አየ አየና «እስቲ የኛንስ ጎተራ ክፈቱት» አለ አሉ። ከዚያ ወዲህ እሱም የራሱ ሥራ በዛበት፣ ወንዝ የመሻገር ጊዜ አላገኘም።

ሕግ ግን ሕግ ነው፤ ስንቅነሽ የተከደነ ነገር በስሙ ጠርታለችና ተፈረደባት። ዳኛው «አፏ በእንትን ለእንትን ያህል ጊዜ ይታሸግ» ብሎ አነበበ። ለካስ ቅጣቱ ራሱ ባለፈው ዓመት ተከድኗል። አፍ አሻጊው «በምን? ለስንት ጊዜ?» አለ። «እንትን አልኩህ!» አለ ዳኛው። «እሱማ ሰማሁ፤ የቱ እንትን?» ዳኛው ቢናገር ራሱ ሊታሸግ ነው። አሻጊውም በያዘው ሰም እንዳያሽጋት፣ ሰም መሆኑን ማን ነገረው? ስለዚህ እስኪታወቅ ድረስ ቤቷ ትቆይ ተባለ። እስከ ዛሬ አልታወቀም። አሻጊው በየቅዳሜው ሾላው ሥር ይመጣል፤ «እስካሁን አልነገሩኝም፣ እቴ» ይላታል፤ ቆዳውን አንብቦ ይሄዳል። እሷም ሰሙን አየት ታደርግና መጻፏን ትቀጥላለች። ሊቀ ክዳን ተሻረ ብላችሁ እንዳትጠብቁ፤ ማዕረጉ ከፍ ብሎ ሊቀ ክዳናት ተብሏል።

መስከረም ሲጠባ ከምሽጉ የመጀመሪያው ደብዳቤ መጣ። ጸሐፊዎቹ ወይ ፈርተው ወይ ሰንፈው እንደሆነ እንጃ፣ ሳይነካ ነው የደረሳት። ቶሎ ከፈተችው።

«እማዬ፣ እንደምን አለሽ? እኔ ጠግቤአለሁ። ስንዴው በጣም ጥሩ ነው። እባክሽን ጋቢ አትላኪልኝ፣ ስምንት አለኝ። ልጅሽ አንሙት።»

ስንቅነሽ ስሙን ደጋግማ አነበበችው። በቀጣዩ ቅዳሜ ቆዳዋ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጻፈች፦ «ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እውነት ነው፣ ዝም ያለ ሰው አይነቅዝም። የሚነቅዘው ዝም የተባለለት እህል ነው።»

እኔም ተረቴን ጨረስኩ፤ መልሱልኝ፣ አፌንም እንደ ወጉ በዳቦ አብሱልኝ። ግን ከማበሳችሁ በፊት፣ ዳቦው ከማን ጎተራ እንደወጣ በስሙ ንገሩኝ።